አራቱን ቀጭታ ያዳምጡ፦ የስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1873ቱን የአሜሪካ ሽጉጥ፣ ኮልትን፣ አስመስሎ የተሠራ የጣሊያን ስድስት ጎራሽ አለኝ። መዶሻውን ወደ ኋላ ስስበው ጥይት የሚይዘው ሲሊንደር አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ባለበት ይቀራል። አፈሙዙን ወደ መሬት ሳዘነብለው ግን ደህና ይሠራል። ምን ነካው?
አንባቢ፣ ከዳላስ

መልስ፦ ዋናውን ምልክት ራስዎ አግኝተውታል። ከመዶሻው ጋር ተያይዞ ሽቅብ እየወጣ የሲሊንደሩን የኋላ ጥርስ የሚገፋ ቀጭን ብረት አለ፤ ገፊ እንበለው። ወደ ፊት ደግፋ የምትይዘው እንደ ቅጠል የሳሳች ጠፍጣፋ ሞላ ናት። እሷ ስትሰበር ገፊው በክብደቱ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ አፈሙዙ ሲያዘነብል ጥርሱ ላይ ይወድቃል፣ ቀና ሲል ይሸሻል።

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ጥይቶቹን አውጥተው ስድስቱንም ቀዳዳዎች በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከዚያ መዶሻውን በጣም በቀስታ እየሳቡ ያዳምጡ። የጥንቱን አሠራር የያዘ ሽጉጥ አራት ጊዜ ቀጭ ይላል። መጀመሪያ መዶሻው ላይ ያለው የደህንነት ጥርስ፣ ቀጥሎ ጥይት የሚጎርስበት የግማሽ ጥርስ፣ ሦስተኛ ሲሊንደሩን ይዞ የሚያቆመው፣ ከታች ያለው ቆላፊ ተፈናጥሮ ሲሊንደሩ ላይ ሲያርፍ፣ በመጨረሻ መዶሻው ሙሉ በሙሉ ሲወጠር ነው። ሦስተኛው ድምፅ ከጠፋና ሲሊንደሩ እንደ ልቡ የሚሽከረከር ከሆነ ችግሩ ቆላፊው ወይም የእሱ ሞላ ነው። ይህ ሞላ ባለ ሁለት ጣት ነው፦ አንዱ ጣት ቆላፊውን ሌላው ምላጩን ይገፋል። ስለዚህ ምላጩ አልመለስ ካለ ሁለተኛው ጣት ተሰብሯል ማለት ነው።

አራተኛው ቀጭ ሲል ሲሊንደሩ አብሮ መቆለፍ አለበት። መዶሻው ተወጥሮ ሲሊንደሩ ገና ካልደረሰ የገፊው ጫፍ ተበልቷል። በፍጥነት ሲስቡት ሲሊንደሩ በተነሳበት ኃይል ሄዶ ስለሚቆለፍ ጉድለቱ ይደበቃል፤ በሌላ ጣት ሲሊንደሩን ትንሽ ያዝ እያደረጉ ስድስቱንም ይፈትሹ። ይህን ቸል አይበሉ። ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር ሳይገጥም ከተተኮሰ እርሳሱ ተላጭቶ በጎን ይፈናጠራል፣ አጠገብ የቆመ ሰው ያቆስላል።

ገፊውን ለማውጣት እስከ መዶሻው መፍታት ያስፈልጋል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በወጡበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ ይሰኳቸው፤ ካቻቢቴው የብሎኑን ስንጥቅ ሞልቶ የሚይዝ ይሁን። አዲስ ገፊ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ረዝሞ ስለሚመጣ ጫፉን በደቃቅ ሞረድ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ እየነኩ ይሞክሩት። የመዶሻውን ጥርሶችና የምላጩን ጫፍ ግን ፈጽሞ አይሞርዱ። ጠንካራው ላያቸው ስስ ነው፤ እሱ ካለቀ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ቶሎ ይበላል፣ ሽጉጡም ሳይነኩት ይተኩሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ባዶውን ሽጉጥ ወጥረው፣ ምላጩን ሳይነኩ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ፊት ይግፉት። ከወደቀ በዚያ ሽጉጥ አንድ ጥይት እንኳ አይተኩሱ፤ ለባለሙያ ይስጡት።

ጥያቄ፦ አዲሱ ሽጉጤ ሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ ጭረት አወጣ። ፋብሪካው አበላሽቶት ነው?
አንባቢ፣ ከዴንቨር

መልስ፦ የአያያዝ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። መዶሻውን ከግማሽ ጥርስ ላይ ካወረዱት ቆላፊው ሲሊንደሩ ላይ ባሉት በሁለት የመቆለፊያ ጉድጓዶች መካከል ያርፋል፤ ሲሊንደሩ ሲዞርም ላዩን ይፍቃል። ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ስበው፣ አፈሙዙን ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ አድርገው፣ በአውራ ጣት ይዘው ያውርዱት። እንዲያ እያደረጉም ጭረቱ ከጨመረ ቆላፊው ያለጊዜው እየተለቀቀ ነው። መውደቅ ያለበት ከጉድጓዱ በፊት በተፋቀችው መግቢያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ መዶሻው ይመታል፣ ጥይቱ ግን አይተኩስም።
አንባቢ፣ ከሲያትል

መልስ፦ አፈሙዙን ሳያዞሩ ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ጥይቶቹን አውጥተው ሲሊንደሩ የሚዞርበትን መሐል ዘንግ ይመልከቱ። በብዙ የጣሊያን ቅጂዎች ዘንጉ ሁለት ጉድጓድ አለው፤ አለቅጥ ወደ ውስጥ ከተገፋ ጫፉ መዶሻውን ያግደዋል። ወደ ፊተኛው ቦታው መልሱት። በተቃራኒው ሲተኩሱ ወደ ፊት እየሸሸ የሚወጣ ከሆነ የያዘው መቆለፊያ ሞላ ደክሟል፤ ዋጋው ትንሽ ነውና ይቀይሩት። ሲሊንደሩ ከሠላሳ ጥይት በኋላ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ላይ የተጋገረው ጥላሸት ነው፤ በላምባ አጥበው በስሱ ዘይት ይቀቡት።

ጥያቄ፦ ስድስቱንም ጎርሶ መያዝ ይቻላል?
አንባቢ፣ ከአትላንታ

መልስ፦ የጥንቱን አሠራር በያዘው አይቻልም። መዶሻው በቀጥታ ጥይቱ ላይ ስለሚያርፍ ሽጉጡ ቢወድቅ ይተኩሳል። አንድ ያጉርሱ፣ አንድ ይዝለሉ፣ አራት ያጉርሱ፤ የማጉረሻውን በር ዘግተው መዶሻውን እስከ መጨረሻው ስበው ሲያወርዱት ባዶው ላይ ያርፋል። የአሜሪካው ሽጉጥ ሠሪ ሩገር እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ በሚሠራቸው ላይ ምላጩ ካልተሳበ የመዶሻውን ምት ጥይቱን ወደሚወጋው መርፌ የማያደርስ ብረት አለ። ከዚያ በፊት የተሠራ ሩገር ካለዎት አምስት ብቻ ያጉርሱ፤ ፋብሪካው ይህን ብረት በነፃ ይገጥምልዎታል።