«ቻርጅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በየቦታው፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹን ጥያቄዎች የሚመልሱት በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚነት የሚያገለግሉ አባላችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ቻርጅ ማለት ምን ማለት ነው?

መልስ፦ በየትኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ? ቃሉ ጋሪ ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ካሩስ» ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ የጥንት ፍቺው ጋሪን መጫን ነበር። ጭነቱ ወንጀል፣ ሂሳብ፣ አደራ ወይም ኤሌክትሪክ ሊሆን ስለሚችል፣ ማን በማን ላይ ምን እንደ ጫነ ሳይታወቅ ትርጉም መስጠት አይቻልም። እባካችሁ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜግነት መጠየቂያው ቅጽ፣ ኤን 400፣ በወንጀል «ቻርጅድ» ሆነህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ከዓመታት በፊት ከጎረቤቴ ጋር ተጣልቼ ፖሊስ ይዞኝ ነበር፤ ዳኛው ግን ፋይሉን ዘግቶ አሰናብቶኛል። «ኖ» ብዬ ልለፈው?

መልስ፦ እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። «አሬስትድ» በፖሊስ መያዝ ነው፤ «ቻርጅድ» በመንግሥት በኩል የወንጀል ክስ መመሥረቱ ነው፤ «ኮንቪክትድ» ደግሞ ጥፋተኛ ተብሎ መወሰን ነው። ሰው ተይዞ ክስ ሳይመሠረትበት ሊለቀቅ፣ ተከስሶም ጥፋተኛ ሳይባል ሊሰናበት ይችላል። ክሱ መዘጋቱ ሦስተኛውን ያስቀራል እንጂ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አልተደረጉም አያሰኝም፤ ቅጹም የሚጠይቀው ተደርገው እንደ ሆነ ነው። ብዙዎቻችን «ነጻ ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ አልተከሰስሁም» ብለን የምናስበው ሁለቱን ደረጃዎች በአንድ ስለምንጠቀልላቸው ነው። በቃለ መጠይቁ ላይ የሚሰጥ ሐሰተኛ መልስ ከተዘጋው ጉዳይ ይልቅ ሊጎዳዎት ስለሚችል፣ የጉዳዩን ውጤት የሚያሳይ የተረጋገጠ ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አውጥተው፣ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩ። አስተርጓሚ ጠበቃ አይደለም።

በዚያው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ «ክስ» የወንጀሉንም የፍትሐ ብሔሩንም ይይዛል። የቤት ኪራይ ያልከፈለ ሰውም ይከሰሳል፣ ሰው የገደለም ይከሰሳል። በእንግሊዝኛ ግን አከራይ ተከራዩን «ስዩ» ያደርጋል እንጂ «ቻርጅ» አያደርግም። የፍትሐ ብሔር ክስን «ቻርጅ» ብሎ የተረጐመ ሰው ባለጉዳዩን ወንጀለኛ አስመስሎ አቀረበው ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። በሥራ ቦታ አድልዎ የተፈጸመበት ሠራተኛ ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የሚያስገባው አቤቱታም «ቻርጅ» ነው የሚባለው፤ ወንጀል ግን የለበትም።

ሦስተኛ አባል፦ እርሱ አቤቱታ እንጂ ክስ አይደለም፤ ቃሉ ስለ ተመሳሰለ ብቻ መቀላቀል አይገባም።

ሌላ አባል፦ ቃሉ እኮ ነው የዛሬው ጉዳያችን!

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትሉት አይጋጭም። እርሱ የአስተዳደር አቤቱታ ነው፤ በጽሑፉ ራስጌ ላይ የማን ስም እንዳለ ስታዩ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ነው ሙሉውን አምጡ የምለው።

ጥያቄ፦ ዲቪ ደርሶኛል። «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለው የመንግሥት ክስ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እዚህ ላይ የጥንቱ ፍቺ ሳይለወጥ ቆይቷል። ራሱን መቻል የማይችል፣ በሕዝብ ላይ ሸክም የሚሆን ሰው እንዳይገባ የሚለው ድንጋጌ በ1882 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ የገባ ሲሆን፣ «የመንግሥት ጥገኛ» ቢባል ይቀርበዋል። ቪዛ ሰጪው ዕድሜን፣ ጤናን፣ ትምህርትንና የገንዘብ አቅምን የሚመለከተው ለዚህ ነው። በቤተሰብ በኩል ለሚሄዱት፣ ዋሱ በአብዛኛው ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ማሳየት አለበት። የዲቪ ዕድለኛ ያንኑ የዋስትና ቅጽ እንዲያቀርብ አይገደድም፤ የሚረዳው ሰው መኖሩን የሚያሳይ ሌላ ቅጽ ግን ሊጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባንኩ የክሬዲት ካርድ ዕዳዬን «ቻርጅ ኦፍ» አደረግሁት ብሎ ጽፎልኛል። ተመስገን፣ ተሰረዘልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ምስጋናውን ያቆዩት። ባንኩ ዕዳውን በራሱ መዝገብ ላይ እንደ ኪሳራ ቆጠረው እንጂ ለእርስዎ አልማረልዎትም። ለክሬዲት ካርድ ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ 180 ቀን ያህል ሳይከፈል ሲቀር ነው፤ ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ሊሸጥ ይችላል፤ በክሬዲት ታሪክዎም ላይ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል።

ጥያቄ፦ «ስልኬ ቻርጅ የለውም» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

መልስ፦ «ማይ ፎን ኢዝ ዴድ» ይበሉ። «አይ ሃቭ ኖ ቻርጅስ» ካሉ ክስ የለብኝም ማለትዎ ይሆናል።

ሌላ አባል፦ በአማርኛስ «ስልኬን ሞላሁ» ብንል ምን ይጎድለናል? ባዕድ ቃል በዛ።

ሦስተኛ አባል፦ «ስልኬን ሞላሁ» ያለኝን ሰው ካርድ ሞላ ብዬ ነው የምረዳው።

ሌላ አባል፦ እንግዲያው «ኃይል ሞላሁ» ይባል።

ሦስተኛ አባል፦ ይህን የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

መልስ፦ ይህን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩልን።

ጥያቄ፦ «ፖዚቲቭ ቻርጅ» ሲባልስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ «ቻርጅ» የሚለው ቃል በአማርኛ የሳይንስ መጻሕፍት «ሙል» ይባላል። ለቀረው የፊዚክስ መምህርዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቻርጅ ስንል ክስ ነው ወይስ ክፍያ?

መልስ፦ ይህን ለሦስተኛ ጊዜ እየመለስሁ ነው። ዓረፍተ ነገሩን አላመጡልኝም፤ ስለዚህ ቢያንስ ተከትላ የምትመጣውን ትንሽ ቃል ይመልከቱ። «ቻርጅድ ፎር» ካለ በአብዛኛው ሂሳብ ነው፤ «ቻርጅድ ዊዝ» ካለና ቀጥሎ የወንጀል ስም ካለ ክስ ነው። ከ«ዊዝ» ቀጥሎ የሥራ ስም ከመጣ ግን፣ ለምሳሌ ሕፃናትን መጠበቅ፣ አደራ ተሰጥቶታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ጀምሬ «ቻርጅ ነርሷን ጠይቂ» ተባልሁ። ሂሳብ የምትቀበለው ናት?

መልስ፦ አይደለችም፤ በዚያ ፈረቃ ክፍሉን የምትመራው ነርስ ናት፣ ሂሳብ የሌላ ክፍል ሥራ ነው። ለእርስዎ በሥራዎ የሚጠቅምዎትን አንድ ልዩነት ልንገርዎት። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ሲሉ ሰውየው ኃላፊ ነው፤ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ሲሉ ደግሞ በሌላ ሰው ኃላፊነት ሥር ነው። «ዘ» የምትለዋን ካለ ቦታዋ ካስገቧት ነርሷ በበሽተኛው ጥበቃ ሥር ትሆናለች፤ ስለዚህ ሪፖርት ሲጽፉ ደግመው ያንብቡት።