ከጋማው በፊት ጀርባውን እዩ

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ባለፈው ጥምቀት ደሴ ላይ አንድ የሰፈራችን ወጣት ስልኩን አውጥቶ የፈረስ ፎቶ አሳየኝ። ዳማ ፈረስ ነው፣ ኮርቻው ወርዶለት ሜዳ ላይ ቆሟል። ጀርባው ላይ መዳፍ የምታህል ነጭ አለች። «ጋሼ፣ እቺ ነጯ እንዴት ታምራለች! የዝርያው ምልክት ናት?» አለኝ።

የዝርያ ምልክት አይደለችም። ኮርቻ የበላው ቦታ ነው። ቆዳው ሲቆስል የፀጉሩ ሥር አብሮ ስለሚጎዳ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ እዚያ ላይ የሚወጣው ፀጉር ነጭ ይሆናል፤ ፈረሱ እስኪሞት ድረስም አብሮት ይኖራል። ለልጁ ይህን ስነግረው ዝም አለ፣ ከዚያ ፎቶውን እንደገና አየው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚያች ዝምታ ምክንያት ነው።

ከ30 ዓመት በላይ በወሎ ደጋ፣ በደላንታም በለጋምቦም በኩታበርም፣ እንስሳት ሳክም ኖሬአለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ፈረስ የምትወዱ ልጆች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስለ አድዋ ስትጽፉ ፈረሰኛውን ትለጥፋላችሁ፣ ጉግስ ሲኖር ትሮጣላችሁ። ደስ ይለኛል። ግን ስንወድ የምናየው ጋማውን ነው፣ ጀርባውን አይደለም።

እስቲ ከመነሻው ልጀምር። ዛሬ በዓለም ላይ የምናያቸው የቤት ፈረሶች የመጡት ከዛሬ 4,200 ዓመት ገደማ በፊት፣ በዛሬዋ ሩስያ በቮልጋና በዶን ወንዞች አካባቢ ካለው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ይህ በ2021 እ.ኤ.አ. ከጥንት ፈረሶች አጥንት በተወሰደ ዘረ መል የተረጋገጠ ነው። እኔን በጣም የነካኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። እነዚያን ፈረሶች ከሌሎቹ የለዩአቸው ሁለት ዘረ መሎች ሲሆኑ አንዱ ከጀርባ ጥንካሬ፣ ሌላው ከጠባይ ገርነት ጋር የተያያዘ ነው። አስቡት፤ ሰው ከፈረስ መርጦ ያራባው የሚሸከምለትን ጀርባና የሚታገሥለትን ልብ ነው። ጀርባውን የመረጥነው እኛው ከሆንን፣ ሲቆስል ባለዕዳዎቹም እኛው ነን።

ከዚያ ፈረስ ሠረገላ እየሳበ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ወደ ግብፅ፣ ከግብፅም ወደ ጎረቤታችን ኩሽ ወረደ። የኩሽን ንጉሥ የፒዬን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ከዛሬ 2,700 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከዛሬዋ ሱዳን ተነሥቶ ግብፅን ሲወር አንድ ከተማ ከበበ፣ ከተማዋም እጇን ሰጠች። ንጉሡ ገብቶ ግምጃ ቤቱን አየና ወደ ፈረሶቹ በረት ሄደ። ፈረሶቹ በከበባው ተርበው አገኛቸው። የከተማዋን ገዢ ከሠራኸው በደል ሁሉ የሚብሰኝ ፈረሶቼን ማስራብህ ነው ብሎ ተቆጣው፣ ይህንንም ድንጋይ ላይ አስቀረጸው። ድንጋዩ እስከ ዛሬ አለ። እነዚያ ነገሥታት ሲሞቱ ፈረሶቻቸው በመቃብራቸው አቅራቢያ በክብር ይቀበሩ ነበር።

የእኛ ሀገር ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ የኛው ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ አባ ሻንቆ። የራስ መኮንን ፈረስ ስም ቃኘው ኮሪያ ድረስ ተሻግሯል፤ እዚያ የዘመተው ጦራችን ቃኘው ሻለቃ ነበር የሚባለው። «አባ» የሚለውን ቃል ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሰውየው የፈረሱ ጌታ ብቻ ሆኖ አይደለም የሚጠራው፣ አባቱ ሆኖ ነው። አባት ደግሞ ልጁ ሲቆስል ያያል።

የወሎ ፈረሰኛ ስሙ የታወቀ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከራስ ሚካኤል ጋር አድዋ ላይ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ደግሞ ሰገሌ ላይ፣ ወገን ከወገኑ በተፋጀበት ቀን፣ ተሸነፈ። ስለ ሰገሌ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ስለ ሰዎቹ ብዙ ይባላል፣ ስለ ፈረሶቹ የሚያነሣ ግን አልነበረም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? እውነት ነው፣ ጠብ የለውም። ጠቡ የኛ ነበር፣ እሱ ያደረሰን ቦታ ላይ አብሮን ወደቀ።

ስለ ዝርያ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በሀገራችን ተለይተው የተጠኑ ስምንት ዓይነት ፈረሶች አሉ፦ የሀበሻ፣ የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የኦጋዴንና የቁንዱዶ። የቁንዱዶው ሐረር አጠገብ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖር ነው። የኛ የሰሜን ደጋው የሀበሻ ፈረስ ይባላል። ቁመቱ ትከሻው ላይ 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ነው፣ ከዚያም ያነሰ አለ። በፊልም ላይ የምታዩትን የእንግሊዝ እሽቅድምድም ፈረስ አጠገቡ ብታቆሙት ውርንጭላ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ያን ፈረስ አምጥታችሁ ለጋምቦ ላይ፣ ሐምሌ ብርድና ጭቃ ውስጥ፣ ገለባ ብቻ እያበላችሁ ገብስ አስጭኑት እስቲ። የኛው ትንሹ ፈረስ ገብስ ይጭናል፣ ውድማ ላይ ያበራያል፣ በሽተኛ ጤና ጣቢያ ያደርሳል፣ ማታ ደግሞ ልጅ ጋልቦት ውኃ ይወርዳል። እባካችሁ ቁመቱን አይታችሁ አትናቁት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ የድሮ ሰዎችን ዕውቀት የሚያሳይ ነው። አያቶቻችን ወደ ባቲ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ሲወርዱ ፈረሱን ደጋ ትተው በበቅሎና በአህያ ነበር የሚሄዱት። ለምን? ቆላ ላይ ከዓይን የማይገቡ ትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚያስተላልፉት የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባል አለ። ፈረስን በጥቂት ቀን ውስጥ ያፍነዋል። በቅሎ ከፈረስ ይሻላል፣ አህያ ደግሞ ብዙም አይሞትበትም። ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ይህን ለይተውታል። ዛሬ ክትባት አለ፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ዝናቡ ሳይገባ አስከትቡ።

በቅሎ አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ የሚለውን ታውቁታላችሁ። አባቱ አህያ ስለሆነ ያፍራል ለማለት ነው። እኔ ግን የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም፤ ከእናቱ ጉልበት፣ ከአባቱ ጽናት ወስዷል። ልጅ ብቻ አይወልድም። የፈረስ ክሮሞሶም፣ ዘረ መልን የሚሸከመው ማለት ነው፣ 64፣ የአህያ 62፣ የሱ 63 ነው፣ ጎዶሎ ስለሆነ አይጣመርለትም።

አሁን ወደ ሥራው። ኮምቦልቻም ሆነ ሌላ ከተማ ጋሪ የምትነዱ ልጆች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ሰው የማይስማማውን ቢበላ ያስመልስና ይገላገላል፣ ፈረስ ግን የዋጠው ወደ ላይ አይመለስለትም። ስለዚህ ድካሙን አይታችሁ አዝናችሁለት ያልለመደውን ገብስ በአንዴ አትዘርግፉለት፣ ፌስታል ከተጣለበት ቦታም አታግጡት። መሬት ቢጭር፣ ዞሮ ጎኑን ቢያይ፣ ቢንከባለል፣ መብል ቢተው ሆዱን አሞታል፣ ነገ አትበሉ። ውኃ ደግሞ የሠራ ፈረስ በቀን ከ1 ጀሪካን በላይ ይፈልጋል። እግሩ ወይ አንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተራ ሠርቶ የሚወጣ፣ እየፈረጠ መግል የሚያወጣ እባጭ ካያችሁ ሳይስፋፋ አሳዩት፣ ከሻጋታ የሚመጣ ተላላፊ ነው። የሱን ዕቃ ለሌላ ፈረስ አትጫኑ። ልጓምም ኮርቻም።

ፈረስ ስትገዙም አፉን ክፈቱ። 5 ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሶቹ ተቀይረው ያልቃሉ። የወተት ጥርስ ገና አፉ ውስጥ ካለ ልጅ ነው፣ ከባድ ጭነት አይገባውም፣ ሻጩ ምንም ቢምል።

ፈረስ ሕመሙን ይደብቃል። አውሬ የሚያድነው እንስሳ ስለነበር ደካማ መስሎ መታየት ሞት ነበረበት። ስለዚህ ካላጉረመረመ ደህና ነው ማለት አይደለም። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ጥፋት ነው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ አባት ዳማ ፈረስ ይዘው ከሩቅ ቀበሌ መጡ። ጀርባው ቆስሏል። አጠብኩ፣ ቅባት ቀባሁ፣ መርፌ ወጋሁ፣ «አይዞዎት አባ፣ ይድናል» ብዬ ሸኘኋቸው። በወሩ መጡ፣ እዚያው ላይ ቆስሏል። ቅባት ቀየርኩ። እንደገና መጡ። ፈረሱ አንድም ቀን አልተራገጠም፣ ዝም ብሎ ይቆምልኛል፣ እኔም ዝምታውን እንደ ደህና ምልክት ቆጠርኩት። እንዲህ እያልን ግማሽ ዓመት ሄደ። ልጆች፣ ስድስት ወር ሙሉ ቁስሉን ሳክም ኮርቻውን አንድ ቀን ገልብጬ አላየሁትም ነበር።

በመጨረሻ ፈረሱን ሳይሆን ኮርቻውን አምጡልኝ አልኳቸው። ገለበጥኩት። የእንጨቱ አንድ ጎን ተሰንጥቆ ጠርዙ ወጥቷል፣ ከሥሩ ያለው ድሪቶም አልቆ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል። ሳፍር አዩኝና «አብሽር ልጄ፣ እኔም አላየሁትም» አሉኝ። እንጨቱን አናጢ አስተካከለው። እሳቸው ወፍራም ድሪቶ አሰፉ፣ ግራና ቀኙ ሞልቶ የአከርካሪው መስመር ላይ ክፍት እንዲሆን፣ ክብደቱ አጥንት ላይ ሳይሆን ሥጋ ላይ እንዲያርፍ። ቁስሉ እስኪጠግግ ምንም እንዳይጭኑበት ለመንኳቸው። ጊዜው የአዝመራ ነበር፣ ገብሱን በሰው ጀርባ አመላለሱት።

በዓመቱ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ ኮርቻውን ፈተው ጀርባውን አሳዩኝ። መዳፍ የምታህል ነጭ ፀጉር አብቅሏል። እጄን ጫን አድርጌ አሳለፍኩበት፣ ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አልነቀነቀም፣ ሣሩን ይበላ ነበር።