«100 ግራም አፕሮች»፦ ለአንዲት የኬሚስትሪ ምሩቅ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች በአጭሩ ላስቀምጠው፦ አገር ቤት ኬሚስትሪ ተምረሽ፣ ማስተርስሽን ጀርመን ጨርሰሽ፣ አሁን ዱሰልዶርፍ ሥራ ትፈልጊያለሽ። አንድ የትርጉም ቢሮ ለሙከራ ብሎ የሁለት ገጽ የማጣበቂያ መረጃ ሰጠሽ፤ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ ላክሽ፤ በቀይ ተዥጎርጉሮ ተመለሰልሽ። «የትርጉም ዲግሪ ልማር ወይስ ነገሩን ልተወው?» ትያለሽ።

ሁለቱንም አታድርጊ።

ገጾቹን አየኋቸው። ሰዋስውሽ ላይ ያረፈ ቀይ ጥቂት ነው። የሚያስቆጨው፣ የተሳሳትሽው ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆመሽ ቢሆን ኖሮ በማትሳሳቺው ነገር ላይ መሆኑ ነው። ጀርመንኛው «ቶፕፍሳይት፣ 100 ግራም አንዛትስ፣ በ20 ዲግሪ፦ 30 ደቂቃ» ይላል፤ ቶፕፍሳይት የተበጠበጠው ማጣበቂያ ሳይደርቅ ሊሠራበት የሚችልበት ጊዜ ነው። አንቺ (ማሽኑ እንደሰጠሽ ገልብጠሽ ይመስለኛል) «100 ግራም አፕሮች» ብለሽዋል። አንዛትስ በፍልስፍና ክፍል አፕሮች፣ አቀራረብ ይሆናል። ከሬዚንና ከሄርተር (ከማጠንከሪያው) አጠገብ ሲቆም ግን ባንድ ጊዜ የሚበጠበጠው ድብልቅ ነው፤ እንግሊዝኛው «ባች» ወይም «ሚክስ» ይለዋል። መቶ ግራም ብሎ መወሰን ለምን እንዳስፈለገ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፦ ድብልቁ ሲሠራ ይሞቃል፣ በዛ ሲል ደግሞ ይበልጥ ይሞቅና ቶሎ ይደርቃል። አንድ ኪሎ የበጠበጠ ሰው ሠላሳ ደቂቃ አያገኝም። ቶፕፍሳይትንም «ፖት ታይም» ብለሽዋል፤ የሙያው ሰው «ፖት ላይፍ» ነው የሚለው።

ከሁሉ የከፋው ግን ቃል አይደለም፣ ነጥብ ናት። የውፍረቱ መጠን «1.500 ሚሊፓስካል ሰከንድ» ተብሎ ተጽፏል፤ አንቺም እንዳለ አሳለፍሽው። ጀርመኖች ሺህን የሚለዩት በነጥብ፣ አስርዮሹን በኮማ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው፣ እንግሊዝኛ አንባቢ ግን አንድ ተኩል ብሎ ያነበዋል። ከጉሎ ዘይት የወፈረውን ማጣበቂያ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ውሃ አደረግሽው!

ሃፍትክሌበርንና ኮንታክትክሌበርንም አንድ አድርገሻቸዋል። እስቲ ሰፈር ያለውን ጫማ ሰፊ አስቢው። ማስቲሹን ሶሉም ላይ ጫማውም ላይ ይቀባል፣ ወዲያው አይገጥምም፤ ሌላ ጫማ ይዞ ይቆያል። በጣቱ ነካ አድርጎ ሲያየው ካልያዘው ያጋጥምና በመዶሻ ይመታዋል። ያ ኮንታክትክሌበር ነው። ቢያንስ መጠበቅ ያለበት ጊዜ አብሉፍትሳይት ይባላል፤ በእንግሊዝኛ «ፍላሽ ኦፍ ታይም»። ሳይገጥም ሊቆይ የሚችልበት የመጨረሻው ጊዜ ደግሞ ኦፈነ ሳይት፣ «ኦፕን ታይም» ነው። ሃፍትክሌበር ከዚህ ሁሉ የለበትም፤ የፕላስተሩ ጀርባ ነው፣ ሁልጊዜ ይይዛል፣ ጫን ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ «ፕሬሸር ሴንሲቲቭ» ተባለ። (ሃፍት ብቻውን ጋዜጣ ላይ ካየሽው እስር ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ማጣበቂያ እንዳትፈልጊ።)

እኔም ስጀምር ካውቹክንና ጉሚን ሁለቱንም «ራበር» ብዬ አስረክቤ አንድ ሳምንት ተወቅሼበታለሁ። ካውቹክ ጥሬው ነው፤ ጉሚ ከድኝ ጋር በስሎ የወጣው። የምሥራቅ ጀርመኑ ትራባንት መኪና አካል የተሠራበት ዱሮፕላስት፣ አንዴ ከጠነከረ በሙቀት የማይቀልጠው ፕላስቲክም በእንግሊዝኛ «ተርሞሴት» ነው እንጂ ዱሮፕላስት ብትዪው ብዙ ሰው አይገባውም። ጀርመንኛው የራሱን ቃል ማውጣቱ አይግረምሽ፤ ለስፖንጅም ለማጣበቂያም የሚውለው ፖሊዩሬቴን እ.ኤ.አ. በ1937 የተገኘው ካንቺ ብዙም በማይርቀው ሌቨርኩዘን፣ በኦቶ ባየርና በባልደረቦቹ ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ። የትርጉም አገልግሎት መለኪያው አይሶ 17100 ሦስት በር ከፍቷል፦ የትርጉም ዲግሪ፣ ወይም የሌላ ሙያ ዲግሪ ከሁለት ዓመት የሙሉ ጊዜ የትርጉም ልምድ ጋር፣ አለዚያ አምስት ዓመት ልምድ። ያንቺ በር ሁለተኛው ነው፤ ሌላ ዲግሪ ምን ያደርግልሻል?

መራራውን ደግሞ ልንገርሽ። ቢሮዎች ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው የሚተረጉም ሰው ይመርጣሉ፤ እንግሊዝኛ ደግሞ አፍ መፍቻሽ አይደለም። በቃል ብዛት እየተከፈለሽ ከእንግሊዞችና ከማሽን ጋር ብትፎካከሪ የምትከስሪ ይመስለኛል። (በአማርኛና በጀርመንኛ መካከል ለፍርድ ቤት በመሐላ መተርጎም ሌላ ገበያ ነው፣ ኬሚስትሪሽን ግን አይፈልግም።) እኔ ብሆን አምራቾቹ ጋ ነበር የማመለክተው፦ «ቴክኒሸ ሬዳክተሪን» (የቴክኒክ ሰነድ አዘጋጅ) እያልሽ ፈልጊ፣ የደኅንነት መረጃ ሰነድ የሚያዘጋጁ ክፍሎችንም እዪ። የማጣበቂያ አምራቹ የሄንክል ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ከተማሽ ነው። እዚያ ቤት ኬሚስት ሆኖ ሁለት ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። የደኅንነት መረጃ ሰነዱ 16 ክፍል አለው፤ የአደጋ ማስጠንቀቂያዎቹም በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በየቋንቋው ተጽፈው ያለቁ ናቸው። ኤፖክሲ በሚባለው የሬዚን ዓይነት ላይ የምታገኚው ማስጠንቀቂያ ኤች 317፣ የቆዳ አለርጂው፣ አንዲት ቃል አይቀየርም። ባማረ እንግሊዝኛ ልጻፈው ያለ ሰው እዚያ ተሳስቷል።

እስከዚያ የራስሽን የቃል መዝገብ ጀምሪ። የአንድን ምርት የጀርመንኛና የእንግሊዝኛ ሰነድ ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ ግን እንግሊዝኛው ራሱ መጥፎ ትርጉም ሊሆን ስለሚችል አሜሪካዊ ወይም እንግሊዛዊ አምራች ከጻፈው ጋር አመሳክሪ። የማጣበቂያ ቃላትን የሚፈታው የአውሮፓ ስታንዳርድ ኢኤን 923 በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም አለ፤ መግዛት የለብሽም፣ ስታንዳርድ በነፃ የሚነበብባቸው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ፉገታይልን፣ የሚጣበቀውን አካል፣ እዚያ ፈልጊው፤ «ጆይኒንግ ፓርት» ብለሽው ነበር፣ «አድሄረንድ» ነው።

ለቢሮውም ዝም አትበዪ። ገጾቹን አርመሽ፣ ያልገባሽን በጥያቄ አስፍረሽ መልሰሽ ላኪላቸው። መጀመሪያ ግን ነጥቧን አስተካክዪ።