የበርሜሉ ግድግዳ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በበርሜል እናጠራቅማለን። ሰሞኑን ሽቅብ ቁልቁል የሚሉ ደቃቅ ትሎች አየሁበት። ጎረቤቴ «የባሕር ዛፍ ዘይት ጠብ አድርጊበት፣ ያልቃሉ» አለችኝ። ልጆቼ የሚጠጡት ከዚሁ ነው። ላድርገው?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አያድርጉት። ያዩት የትንኝ እጭ ነው። ጎረቤትዎ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም፤ የባሕር ዛፍ፣ የጠጅ ሣርና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት በቤተ ሙከራ እጭ እንደሚገድል ታይቷል። እዚያ ግን ዘይቱ ከውኃው እንዲዋሐድ ማሟሟያ ይጨመርበታል፣ መጠኑም ይለካል። በርሜልዎ ውስጥ ላይ ላዩን ይንሳፈፍና በድሬ ሙቀት ተንኖ ይጠፋል። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የልጆቹ ነገር ነው፤ የባሕር ዛፍ ዘይት የዋጠ ሕፃን እስከ መንቀጥቀጥ ሊደርስ ይችላል።

ቤት ለቤት እየዞርኩ በሠራሁባቸው ዓመታት አንዲት እናት በርሜላቸውን ደፍተው፣ እንደገና ሞልተው፣ በሳምንቱ እጭ ሲያዩ «ከቧንቧው ነው የመጣው» ብለውኝ ነበር። የመጣው ከግድግዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ የተባለውን ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ የተባለውን በሽታ ያዛመተችብን ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውኃው ከፍ ብላ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንደ ጥቁር ነጥብ ያለው እንቁላል ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውኃው ሲደርስበት ይፈለፈላል። ዘይቱ እጩን ቢገድል እንኳ ይህን እንቁላል አይነካውም። ይህች ትንኝ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2022 ወባን ያባባሰችብን፣ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝም የምትራባው በእንዲህ ያለ የተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ነው።

ውኃ መድፋት እንደሚያሳዝንዎ አውቃለሁ፤ ስንት ቀን ተጠብቆ የመጣ ውኃ ነው! በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልለው ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ያዙሩት፤ የሚጠጣውን ያፍሉት። ጨርቁ ላይ የቀረውን እጭ ደረቅ አፈር ላይ ያራግፉት፣ ቦይ ውስጥ አይጣሉት። ከዚያ የበርሜሉን ውስጥ፣ በተለይ ከአፉ ዝቅ ያለውን ዙሪያ፣ በብሩሽና በሳሙና አጥብቀው ይፈግፍጉ። ሲሞሉት ክዳኑ ክፍተት ካለው ጨርቅ ወጥረው በገመድ ይሰሩት። እጩ ክንፍ ለማውጣት ከሳምንት ብዙም ስለማይዘገይ፣ በየሳምንቱ አንዱን የፈረቃ ቀን፣ በርሜሉ ጎደል ሲል፣ የፍግፈጋ ቀን ያድርጉት። ጎረቤትዎንም ይጥሯቸው፤ የእርሳቸው በርሜል ትንኝ ወደ እርስዎ ቤት መምጣቷ አይቀርም።