በቃል የሚመልስ ልጅ በጽሑፍ ለምን ይወድቃል?

ጥያቄ፦ ልጄ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል በአማርኛ ሲማር እየተንገዳገደም ቢሆን አልፏል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ወዲህ ግን አንድ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ምዕራፉን እኔ ሳነብለት የጠየቅሁትን ሁሉ ይመልሳል። መምህራኑ «ሰነፍ ነው» ይሉኛል። እውነት ስንፍና ነው? (አንዲት እናት)

መልስ፦ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ሲያነቡለትም ባልመለሰ ነበር። በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ቁጥር ያለችግር እያነበበ ቀላል ቃላት ማንበብ ስለሚያቅተው የ14 ዓመት ልጅ ሲጽፍ፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች የሚበልጠው እርሱ እንደሚሆን መምህሩ መናገሩን ጠቅሶ ነበር። ይህ ዛሬ ዲስሌክሲያ የሚባለው፣ ከማሰብ ችሎታ ማነስ የማይመጣ የንባብ ችግር ነው።

እስከ 8ኛ ክፍል ተሸፍኖ መቆየቱ አያስደንቅም። የአማርኛ ፊደል ቢበዛም እያንዳንዱ ሆሄ ድምፁን ከሞላ ጎደል ስለሚጠብቅ፣ ብልህ ልጅ በመሸምደድና በመገመት ሊዘልቅ ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሌሊት ለማለት «ናይት» ተብሎ የሚነበበው ቃል እንኳ ድምፅ የሌላቸው ሁለት ፊደላት ተሸክሞ ይጻፋል።

በመጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። ቀጥሎ አይቶት የማያውቀውን የአማርኛ ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎ፤ አማርኛውን አቀላጥፎ አንብቦ በእንግሊዝኛው ብቻ ከተቸገረ፣ ጉዳዩ የቋንቋው ልምድ ማነስ ሊሆን ይችላል። የድሮ ደብተሮቹንም ያገላብጡ። «ሀ»ን ከ«ሐ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ» ማቀላቀሉን አይቁጠሩበት፤ እሱን እኛም የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች እናደርገዋለን። «ቡ»ን «ቢ» ብሎ መጻፍ፣ ከረጅም ቃል መካከል ፊደል መዝለል፣ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መስመር መሳት በየደብተሩ ከተደጋገሙ ግን ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ያሳዩት፤ ቁርጡን የሚናገረው ባለሙያው ነው።

ምርመራው እስኪያልቅ ግን ድጋፉ መዘግየት የለበትም። የክፍል ኃላፊ መምህሩን አነጋግረው፣ በድንገት ተነስቶ እንዲያነብ እንዳይታዘዝ፣ በፈተና ተጨማሪ ደቂቃዎች እንዲሰጡት፣ በባዮሎጂ መልሱ ላይ የፊደል ስህተት ነጥብ እንዳይቀንስበት በጽሑፍ ይጠይቁ። ምዕራፎቹን በስልክዎ እየቀዱ ይስጡት፤ መጽሐፉን እየተከተለ ያድምጥ። አዳዲስ የእንግሊዝኛ ቃላትን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ በድምፅ በድምፅ እየከፋፈሉ አብራችሁ አንብቡ። የተሳሳተውን ቃል ሃያ ጊዜ እንዲጽፍ ማድረግ፣ ብዙዎቻችን ያደግንበት ቢሆንም፣ እጁን ከማድከም አያልፍም።