ለኦ.አር.ኤስ ፖስተር ሠሪው ወንድሜ፦ የውሃውን ሥዕል አታስነካ

«ማንበብ ለማይችሉ የገጠር እናቶች የኦ.አር.ኤስን (ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠውን ዱቄት) አዘገጃጀት በሥዕል ብቻ የሚተርክ ፖስተር እንድሠራ አንድ ድርጅት ጠይቆኛል። ስንት ሥዕል ይበቃል? እንዴትስ ላስከትለው?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፣ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁና ልንገርህ። ስለ ቀለምና ስለ ሶፍትዌር ሌሎች መልሰውልሃል፤ እሱን ልለፈው።

1. የሥዕሉን ብዛት በወረቀቱ ስፋት ሳይሆን በድርጊቱ ወስን። እጅ መታጠብ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መለካት፣ የከረጢቱን ዱቄት ሳያስቀሩ መጨመር፣ ማማሰል፣ ለሕፃኑ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን መድፋት። ሁለቱን ድርጊት በአንድ ሥዕል አታጭቅ። ለተቅማጥ አብሮ የሚታዘዘውን የዚንክ እንክብልም እዚህ ጨምር ይሉሃል፤ እምቢ በል። አንዴ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ የአንድ ቀን ታሪክ ነው፣ ዚንክ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ነው። የራሱ ፖስተር ያስፈልገዋል።

2. እናቲቱ ከመጀመሪያው ሥዕል እስከ መጨረሻው ያችው ሴት መሆኗ ይታወቅ፤ ሹሩባዋም ነጠላዋም አይቀየር። ይህን ከውጭ አገር መምህር መማር አያስፈልግህም። አዲስ አበባ ውስጥ በየሥጦታ ዕቃ ሱቁ የሚሸጠውን፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል የሚሣለውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ቆመህ እየው። ንጉሥ ሰሎሞን ንግሥቲቱን የሚያስጠማ ምግብ ያበላታል፤ ከቤቱ ምንም ላትነካ ያስምላታል፤ ሌሊት ጠምቷት ውሃ ስትጠጣ ይይዛታል። የግብዣውንና የመሐላውን ሥዕል አውጣና ቀሪውን ተመልከተው። አንዲት ሴት ውሃ ጠጣች፣ በቃ፤ ታሪኩ ጠፋ። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን የትኛው ሥዕል ሌላውን እንደሚሸከም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ፊት አሣሣልንም ከእነርሱ ተማር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ነው የሚሣለው። ስለዚህ እኔ እናቲቱን ሁልጊዜ ሁለት ዓይኗ እንዲታይ አድርጌ ነው የሣልኋት።

3. መጠንን በሥዕል መናገር ከሁሉ ይከብዳል። ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ስለሆነ በሰፊው ልንገርህ። አንድ ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ውሃ ነው። ነገር ግን በሥዕል ላይ የግማሽ ሊትር፣ የአንድ ሊትርና የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያውን ንድፍ ይዤ አንድ ጤና ኬላ ስሄድ ልጅ ያዘለች እናት ጣቷን ጠርሙሱ ላይ አድርጋ «ትንሿ ናት ትልቋ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ቢሮ ውስጥ ከተሰበሰቡት ባለሙያዎች አንዳቸውም አላነሡትም ነበር። እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አዲስ ሥዕል ሞከርሁ፦ እናቲቱ በመዳፏ ጨብጣ የያዘቻቸው ሁለት ትንንሽ ሃይላንዶች፣ አንዱ ወደ ጆግ ተገልብጦ ያለቀ፣ ሁለተኛው እየተገለበጠ። መዳፏ መጠኑን ይናገራል፣ ሁለቱ ግማሾች ሊትሩን ይሞላሉ። ያቺው እናት አይታ ሳልጠይቃት «ሁለት ትንሽ» አለች። በሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ ሥዕል የምኮራበት የለኝም።

ያንን ሥዕል ነው የቆረጡት።

ሥራውን ያዘዘው ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ለአጋር ድርጅቶች ሎጎ ቦታ ፈለገ። ፋይሉን ማተሚያ ቤት ከላክን በኋላ፣ እኔ ሳልሰማ፣ ሁለተኛው ሥዕል ወጥቶ በቦታው ሎጎ ተደረደረ። ታትሞ ስደርስበት ምክንያቱን ጠየቅሁት። «ውሃ እንደሚጨመርበት ማን የማያውቅ አለ?» አለኝ። አሁን ፖስተሩን በማታነብ እናት ዓይን እየው፦ እጇን ታጠበች፣ ቀጥሎ ዱቄቱን ዕቃ ውስጥ ጨመረች። ስንት ውሃ ውስጥ? ፖስተሩ ዝም ይላል። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው አካባቢ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደውላ እናቶች ከረጢቱን በአንድ ኩባያ ውሃ እየበጠበጡ መሆኑን ነገረችኝ። እንደዚያ ሲወፍር ጨው ይበዛበታል፤ ተቅማጥ ላደከመው ሕፃን ደግሞ የጨው መብዛት እጅግ አደገኛ ነው። እንደገና ይታተም ብዬ ብመላለስ ኮሪደር ላይ አስቀምጠውኝ ይውላሉ፤ በመጨረሻ ኃላፊው ከበሩ ሳይወጣ «ክፍያህን ወስደሃል፣ ከዚህ በኋላ ምን አገባህ?» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የቆረጡብኝን ሥዕል በራሴ ገንዘብ በኤ4 አሳትሜ ለባለሙያዋ ላክሁላት፤ እሷም ለሥራ ባልደረቦቿ አካፍላ ከፖስተሩ አጠገብ ለጠፉት።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ማንበብ ያልተማረ ሰው ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ የመሄድ ግዴታ የለበትም። ንድፎችህን በየካርዱ ቆራርጠህ ለእናቶቹ ስጥና «ደርድሩልኝ» በል። አንዷ ካርድ ይዛ ካመነታች የደከመው ሥዕል ያ ነው። ቀስትና የኤክስ ምልክትም ለእኛ እንጂ ለሁሉም ግልጽ አይደለም፤ በእነርሱ ላይ አትተማመን። ከክንድ የተቆረጠ እጅ ብቻውን አትሣል፤ የማን እጅ እንደሆነ እንዲታይ ሙሉዋን ሴት አሳይ። ድርጅቱ የመስክ ሙከራ በጀት የለም ቢልህ የራስህን የአውቶቡስ ዋጋ ከፍለህም ቢሆን ሂድ።

ውሉን ሳትጨርስ እርሳስ አታንሣ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው የአመንጪውን ክብር ወይም ዝና በሚጎዳ መልኩ እንዳይዛባና እንዳይቆረጥ የመቃወም መብት ለሥራው አመንጪ ይሰጣል። ይህን ጠቅሰህ ሦስት ነገር አስገባ፦ ሥዕሎቹ ተነጣጥለውም ሆነ ተቀንሰው አይታተሙም፤ ማተሚያ ቤቱ ሥራ የሚጀምረው የመጨረሻውን ፕሩፍ (የሙከራ ኅትመት) አንተ ከፈረምህ በኋላ ነው፤ ለውጥ ካስፈለገ ለውጡን የምትሠራው አንተ ነህ። ሎጎውን ደግሞ ከሥር ለብቻው ቀጭን መስመር ስጣቸው፤ ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ለክተህ ውሉ ላይ አጽፈው።