ገጹ አልገለጥም ሲል

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ ኪንድልና መሰሎቹ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዎች ናቸው፣ አራቱን ልመልስ።

«ስነካው ቶሎ አይገለጥም፣ ደግሜ ስነካው ሁለት ገጽ ይዘላል። ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም ባክህ፣ ስልክ ለምደህ ነው። የነዚህ ማንበቢያዎች ስክሪን ኢ-ኢንክ ይባላል፣ ውስጡ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ፣ በኤሌክትሪክ እየተገፉ ወደላይ ወደታች ሲሉ ነው ፊደሉ የሚወጣው፣ እና ይሄ ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያውን ንክኪ ሰምቶሃል፣ ገና እየሳለ እያለ ነው አንተ የደገምከው። አንዴ ነካ አድርገህ ጣትህን አንሳ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንደ በር ነበር የማንኳኳው።

«አልፎ አልፎ ጥቁር ብልጭ ይላል፣ ያስደነግጠኛል።»

የቀደመውን ገጽ ጥላ እያጠፋ ነው፣ ተይው።

«ሚኒያፖሊስ ነኝ፣ ባስ ስጠብቅ በጓንት እምቢ ይለኛል፣ የድሮው ኪንድል ተች ግን ይሰራ ነበር።»

ልክ ነህ፣ እኤአ በ2011 የወጣው ኪንድል ተች ኢንፍራሬድ ነበር፣ ማለት ከስክሪኑ በላይ የማይታይ ጨረር ያልፋል፣ ያንን ጓንትም ይቁረጠው እስክሪብቶ ግድ የለውም። በ2012 የመጣው ሌላው ኪንድል፣ ፔፐርዋይት፣ ግን እንደ ስልክ ባዶ ጣት ይፈልጋል። ወይ ጫፉ ለስልክ የተሰራ ጓንት ግዛ፣ ወይ እንደ ኮቦ ሊብራ ገጽ መግለጫ ቁልፍ ያለው ማንበቢያ ፈልግ፣ እኔን ከጠየቅከኝ ለዛ ብርድ ቁልፍን የሚያክል የለም። ደሞ ቅንጣቶቹ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆኑ ብርድ ራሱ ያዘገያቸዋል፣ ጃኬትህ ውስጥ ያዘው።

«ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ ማንበቢያ ሳልነካው ራሱ ይገልጣል፣ ምን ገባበት?»

ኧረ ምንም አልገባበትም እማማ! አዲስ ከሆነ ውሃ ነክቶት ይሆናል፣ ጠብታንም እንደ ጣት ይቆጥረዋል፣ ደረቅ ባለ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። አሮጌና ጠርዙ ከስክሪኑ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ እንደ ኪንድል ተች በጨረር የሚሰራ ይሆናል፣ ጥጋጥጉን ይዩልኝ። የአክስቴ አሮጌ ማንበቢያ እንደዚሁ ሲገላበጥባት ከርሞ፣ እኔም ስከፍት ስዘጋ ውዬ፣ በመጨረሻ ታች ጥግ ላይ አንዲት የሱፍ ቅርፊት ተሸጉጣ አገኘሁ፣ ጨረሩን የምትቆርጠው እሷ ነበረች፣ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጠረግ ሳደርጋት ጸጥ አለ። ፍሬ ሱፍ እየቆረጠሙ ነው እንዴ የሚያነቡት?

አንድ የቀረ፣ ቴሌግራም ላይ የምታወርዱት ስካን የተደረገ የአማርኛ ፒዲኤፍ ሲገለጥ የሚንቀራፈፈው ንክኪው ታሞ አይደለም፣ እያንዳንዱ ገጽ ትልቅ ፎቶ ስለሆነ ነው። እሱን ታብሌት ላይ አንብቡት።